ከጨረታው ካርቶን የወጣው ድንጋይ

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ምእመናኑ ገና ጠበል ጠጥተው ሳይጨርሱ፣ ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ባለች አንዲት ደብር ቅጽር ውስጥ ካርቶን ተከፈተ። ውስጡ መኖር የነበረበት የድምፅ መቅጃ ማሽን ነው። የነበረው ግን ድንጋይ ነው።

ድንጋይ ስላችሁ የመንገድ ኮብልስቶን አይደለም። ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ አንድ ጎኑ የተሰበረ፣ በንጹሕ ነጭ አቡጀዲ እንደ አራስ ልጅ የተጠቀለለ ድንጋይ። ፊት የቆሙት ሴትዮ እልል ሊሉ አፋቸውን እንደከፈቱ እልልታው መሃል መንገድ ላይ እሪታ ሆነ። ያን ጩኸት ሰምተው የዘጌ ጦጣዎች ከቡና ዛፍ ወረዱ አሉ። እኔ እዚያ አልነበርሁም፤ ግን የሴትዮዋን ድምፅ ኋላ ስለሰማሁት አምናለሁ።

እኔ ሳጅን ሀዲስ ነኝ። ከአለቃዬ ከኢንስፔክተር አምሐ ጋር ስንደርስ ሕዝቡ አንድ ወጣት ከቦ ቆሟል። ኢንስፔክተር አምሐ አጭር፣ ዝምተኛ፣ ሰው «ደህና አደርክ» ሲለው እንኳ ለምን እንደሆነ የሚያጣራ ሰው ነው። በተለይ በኦንላይን ጨረታ ላይ ቂም አለው። ዓምና ስልክ በጨረታ አሸንፎ፣ ካርቶኑን ሲከፍት የልብስ ሳሙና ወጣለት። ሳሙናው ግን ደህና ነበር፤ ሸሚዙ እስከ ፋሲካ ሲያበራ ከረመ።

«የገዛኸው አንተ ነህ?» አለው ወጣቱን።

«እኔ ነኝ» አለ ወጣቱ። አስናቀ ይባላል፤ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊና የመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ተማሪ ነው። «ከሱቅ አዲሱን ለመግዛት አቅማችን አይደለም። ይኼ የተዘጋ ስቱዲዮ ዕቃ ነው፤ ቴሌግራም ላይ ለጨረታ ወጣ፣ ተጫረትሁ፣ አሸነፍሁ።»

«ያመጣው ሰው ፊት ለምን አልከፈትኸውም?»

አስናቀ የሚገርም ጥያቄ የተጠየቀ መሰለ። «የቤተ ክርስቲያን ዕቃ እኮ ነው ኢንስፔክተር! ሳይባረክ እንዴት ይከፈታል? ከቅዳሴ በኋላ ጸሎት ተደርጎበት፣ ሕዝቡ ባለበት ይከፈት ተባለ።»

አምሐ ዐይኑን ጨፈነ። የዚህ ዓይነት ጨረታ ደንብ የታወቀ ነው፤ አድራሹ ፊት ያልተከፈተ ካርቶን አቤቱታ አይሰማበትም። ሳሙናው ያስተማረው ይህንን ነው።

«ከመጣ በኋላ የት ዋለ?»

«የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ገበዙ አባ ሀብተ ሥላሴ ይዘውት ይፋግ ተዝካር ሄደዋል። ስለዚህ ጉባኤ ቤቱ ውስጥ፣ የኔታ ከሚያስተምሩበት አስቀመጥሁት። ቅዳሜ ከሰዓት የኔታ ራሳቸው አጠገቡ ነበሩ፤ ከሳቸው የሚሻል ዘበኛ የት ይገኛል? ማኅሌት ሊቆሙ ሲሄዱ ቆለፍሁት።»

«ሌሊቱን ቁልፉ ማን ዘንድ ነበር?»

አስናቀ ኪሱን ዳሰሰ። «እኔ ዘንድ።»

ከኋላው አንዱ «አላልኋችሁም!» አለ።

ነገሩ የማሽን ብቻ ቢሆን ኖሮ ሕዝቡ ይህን ያህል አይቆጣም ነበር። መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ጉሮሯቸው ውስጥ እብጠት ወጥቶ ሐሙስ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ነው። ሐኪሙ «ነፍስዎ ትተርፋለች፤ ስለ ድምፅዎ ግን ቃል አልገባም» ብሏቸዋል። እሳቸው የያዙትን የዜማ ስልት ደግሞ በዚህ አገር ሌላ የያዘው የለም። ከሐሙስ በፊት መቀዳት አለበት። በስልክ ሞክረው ነበር አሉ፤ ስልክ በተደቀነ ቁጥር መሪጌታን ሳል እየያዛቸው፣ የተቀዳው ሁሉ ሳል ብቻ ሆነ። ማሽኑ የተፈለገው ሳሉን ለይቶ ዜማውን ያስቀራል ተብሎ ነው።

መሪጌታን ክፍላቸው ውስጥ አገኘናቸው። ከጉባኤ ቤቱ ጋር የተያያዘች ጠባብ ክፍል ናት። ትልቁ የድጓ መጽሐፍ አልጋው ላይ ራቁቱን ተኝቷል፤ መጽሐፍ የሚያዝበት የቆዳ ማኅደር ግድግዳው ላይ እንደ ጠገበ ሰው ሆዱን ነፍቶ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌው ቀጭን፣ ረጅም፣ ዐይናቸው የሚያበራ ነው።

«የኔታ፣ የሚጠረጥሩት ሰው አለ?» አለ አምሐ ዝቅ ብሎ።

«ሰው አትንኩ ልጆቼ» አሉ እየሳሉ። «ሌባው ያ የስልክ ጨረታ ነው። ይሄዋ፣ አገር ሁሉ ሌባ ነው ሲለው እሰማለሁ።»

ስንወጣ አምሐ «ትክክል ብለዋል» አለኝ። ሳሙናው ትዝ ብሎት ነው።

*

የጨረታው ባለቤት ሀኒ የምትባል ወጣት ናት። ጣና ዳር አካባቢ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምበት ሱቅ አላት። መደርደሪያው ላይ ላፕቶፕ፣ ካሜራ፣ አሮጌ ስፒከር ተቆልሏል።

«ሳሙናም ትሸጫለሽ?» አላት አምሐ።

«ምን?»

«ምንም። ከካርቶንሽ ድንጋይ ወጥቷል።»

«ሰምቻለሁ! ከጠዋት ጀምሮ ቻናሌ ላይ ሰው ሁሉ ‹ሌባ› እያለ ሲሰድበኝ ነው የዋለው። ደንበኞቼ እየወጡ ነው። ኢንስፔክተር፣ እርስዎም ሙድ ሊይዙብኝ ነው የመጡት?»

«ድንጋዩን ማን ከተተው?»

ስልኳን አወጣች። «ለዚህ ስል ነው እያንዳንዱን ዕቃ ሳሽግ የምቀርጸው። ይዩት!»

አየነው። ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ በርቷል፤ ቀይ መብራቱ ይታያል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሙከራ» ትላለች፤ ማሽኑ ድምፅዋን መልሶ ያሰማል። አጠፋችው፣ ካርቶን ውስጥ ከተተችው፣ በቢጫ ፕላስተር አሸገችው። ካሜራው ሳይቋረጥ ካርቶኑ ባጃጅ ላይ ሲጫን ያሳያል።

አምሐ ደጋግሞ አየው። ጥፋት ፈልጎ ሲያጣ ፊቱ የሆድ ቁርጠት የያዘው ሰው ይመስላል።

«የባጃጁ ሰውዬ ማነው?»

«ምናሴ። ታማኝ ነው።»

«ሁሉም እስኪያዝ ታማኝ ነው» አለ አምሐ።

*

ምናሴን ባጃጁን ሲያጥብ አገኘነው። ከልክ በላይ ነው የሚያጥበው፤ ከጎማው ሥር የሐይቅ ዳር ደንገል ቅጠል እየነቀለ።

«ካርቶኑን ቀጥታ ነው ያደረስሁት። የትም አልቆምሁም።»

«ታዲያ ደንገል የበቀለው ባጃጅህ ላይ ነው?» አልሁት እኔ።

ጎንበስ አለ። ካርቶኑም አንድ ጥጉ ውኃ ነክቶት እንደነበረ አይተናል። አምሐ ካቴናውን ከኪሱ አውጥቶ ምንም ሳይናገር ከእጅ እጅ ያንቀሳቅሰው ጀመር።

«እሺ፣ እሺ! ሊድያን መሪ አስጨብጫት ነበር።»

ሊድያ እጮኛው ናት፤ መንገድ ማዶ ካለው ጁስ ቤት ትሠራለች። ጠራናት። እሷ ደግሞ ካቴና አላስፈለጋትም።

«እሱ ነው ጥፋቱ! ‹ፍሬኑን ርገጪው› አለኝ፤ የትኛው እንደሆነ አልነገረኝም! ጣና ውስጥ ልገባ ነበር እኮ!»

«ካርቶኑስ?» አላት አምሐ።

«ካርቶኑን እሱ አቅፎት ዘለለ! እኔን ትቶ ካርቶኑን!»

«የሰው ዕቃ ነዋ!» አለ ምናሴ።

«እኔስ የማን ነኝ?»

ባጃጁን ከደንገሉ የጎተቱት አሳ አጥማጆች መሰከሩ፤ ልጁ ባጃጁ እስኪወጣ ድረስ ካርቶኑን እንዳቀፈ ነው የቆመው። አንዱ አሳ አጥማጅ ባጃጁ ሲወጣ ከኋላ ወንበሩ ላይ ቀረሶ አሳ ቁጭ ብሎ ነበር አለ። ይህን መዝገብ ላይ አላሰፈርነውም።

*

ጣቢያ ተመልሰን አምሐ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ እንደ ውሻ ያሸተው ጀመር።

«ሀዲስ፣ ና አሽትት።»

አሸተትሁ። «ማር ማር ይላል።»

የቢጫው ፕላስተር አንደኛው ጫፍ ተነሥቶ እንደገና ተለጥፏል። የያዘው ግን የራሱ ሙጫ አይደለም፤ የጧፍ ሰም ነው። ሀኒ ጧፍ የላትም። ምናሴም የለውም። እንግዲህ ካርቶኑ በድብቅ የተከፈተው ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው።

አስናቀን ሰኞ ረፋድ ላይ አስረን ጣቢያ አስገባነው።

«ማሽኑን ለማን ሸጥኸው?» ይለዋል አምሐ።

«አልሸጥሁም።»

«ቁልፉ ያንተ። ጧፉ የናንተ። ጨረታውን ያሸነፍኸው አንተ። ሌላ ማን አለ?»

«እሰሩኝ፤ ግድ የለም» አለ አስናቀ። ዐይኑ ደም መስሏል። «ብቻ ማሽኑን እስከ ሐሙስ ፈልጉት። እኔ ወንጀለኛ ተብዬ ልኑር፤ የኔታ ዜማ ከጠፋ ግን ከየት ይመጣል?»

«አንተ ተማሪው አይደለህ? አልያዝኸውም?»

አስናቀ ዝም አለ። «ግማሹን ይዤ ነበር» አለ ኋላ። «ማሽን ይመጣል ሲባል… ተውሁት።»

አምሐ ይህን እንደ ጥፋተኛ ዝምታ ቆጠረው። እኔም ቆጠርሁት። በዚህ ዝምታ ላይ ተመሥርተን መዝገቡን ልንዘጋው ትንሽ ቀረን።

የከለከለን ብዕር ነው። አምሐ ሲጽፍ ብዕሩ እምቢ አለውና በንዴት ድንጋዩ ላይ መታው።

«ቅንንንንን…»

ጣቢያው ውስጥ ያለ ፖሊስ ሁሉ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። አዛዣችን ከላይ ቤት «ማነው ስልክ የማይመልስ!» ብለው ጮኹ። አምሐ ብዕሩን እንደያዘ ደርቋል። እንደገና መታው። ድንጋዩ እንደ ብረት፣ ከብረትም አምሮ ጮኸ።

«መረዋ ነው!» አልሁ። የጣና ገዳማት ከጥንት ጀምሮ ሰው ለጸሎት የሚጠሩበት የድንጋይ ደወል አላቸው፤ በገመድ ተንጠልጥሎ በጠጠር ይመታል። ልጅ ሳለሁ አንዱን ልሞክር ብዬ መነኩሴ አባሮኝ፣ እስካሁን የሮጥሁ ያህል ያልበኛል።

አምሐ አቡጀዲውን አነሣ። ዳርና ዳሩ በጥንቃቄ ታጥፏል።

«ሀዲስ፣ መጀመሪያ ቀን መጠየቅ ነበረብን» አለ። «ድንጋይ የሚያኖር ሌባ በጋዜጣ ይጠቀልላል። ንጹሕ አቡጀዲ ለድንጋይ የሚቆርጥ ምን ዓይነት ሌባ ነው?»

*

መረዋ ያላቸውን ገዳማት በጀልባ ዞርን። አንድ ጉማሬ ግማሹን መንገድ ሸኝቶናል፤ አምሐ እሱንም በጥርጣሬ ነው ያየው። ሴት ከማትረግጣት አንዲት ደሴት ላይ ስንደርስ አንድ አዛውንት መነኩሴ ድንጋዩን ተቀብለው ሳሙት።

«የኛ ናት» አሉ። «እኅቶቿ እነዚያውና።» ከዛፉ ሥር ሌሎቹ መረዋዎች ተንጠልጥለዋል። «ይቺ ተሰብራ ከአገልግሎት ወጣች።»

«ታዲያ ለምን አልጣላችኋትም?» አልሁ።

ሲያዩኝ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። «የተባረከ ዕቃ ይጣላል እንዴ? ቢሰበርም ክብሩ አይሰበርም። ራቁቱን አይቀመጥም፤ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቀለላል።»

«ለማን ሰጣችኋት አባ?» አለ አምሐ።

«እዚሁ ዜማ ተምሮ ለወጣ ልጅ። በረከት ትሁነው ብለን። ድምፁ እንደሷ የጠራ ነበር። ስሙንም ያወጣንለት እኛው ነን።»

«ማን አላችሁት?»

«ጥዑመ ልሳን።»

ስንመለስ አምሐ ድንጋዩን መልሶ ተቀብሎ፣ አቅፎ ጀልባው ላይ ተቀመጠ። ጉማሬውም አልወጣም።

*

የመሪጌታ ሚስት እማማ ወለተ ኪዳን በር ላይ ተቀበሉን።

«እንኳን መጣችሁ! የማሽኑን ሌባ ስትጨርሱ የኔንም ፈልጉልኝ። ለቀሚስ ያስቀመጥሁትን አቡጀዲ አንዱ ቆርጦብኛል!»

«ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበሩ እማማ?» አለ አምሐ።

«ገበያ። ምነው?»

ሁላችንም የጠየቅነው ስለ ሌሊቱ ነበር። ስለ ከሰዓቱ የጠየቀ ሰው የለም።

መሪጌታ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ድጓው አሁንም አጠገባቸው ራቁቱን ነው። አምሐ ድንጋዩን ከነአቡጀዲው ጉልበታቸው ላይ አኖረው።

«የኔታ» አለ። «መጽሐፍዎ ማኅደሩን ለማን ለቀቀ?»

ሽማግሌው ግድግዳውን አዩ። ከዚያ ራሳቸው ተነሥተው ማኅደሩን አወረዱ። ማሽኑ በቀረው አቡጀዲ ተጠቅልሎ ከውስጡ ወጣ። አንድ ጭረት የለበትም። እማማ ወለተ ኪዳን አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ለምን?» አለ አምሐ። ድምፁ የፖሊስ ድምፅ አልነበረም።

«ይህ ጉባኤ ቤት ለተማሪ አይበቃም ነበር» አሉ መሪጌታ። «ማሽን ይመጣል ተባለ፤ አንድ በአንድ ሄዱ። አስናቀ እንኳ ‹ይቀዳል እኮ የኔታ› እያለ መድገሙን ተወ። እኔን ካርቶን ውስጥ ከትተው፣ አሽገው፣ ሊገላገሉኝ ነው። ተማሪ ሲሳሳት አርመዋለሁ። ማሽን አይሳሳትም። የማይሳሳትን ነገር ምን ብዬ ላስተምረው?»

«ሳሉስ?» አልሁ እኔ።

ፈገግ አሉ። «ግማሹ የእግዚአብሔር ነው። ግማሹ የኔ።»

«መረዋዋን ለምን ከተቷት?»

«ክብደት ያስፈልገዋል፤ እጄ ላይ ያለችው እሷ ናት። ሰው ድንጋይ ናት ብሎ ሲጥላት መልሼ አነሣታለሁ ብዬ። ሳልጠቀልል ብከታት ደግሞ እንቅልፍ አልተኛም ነበር።»

«አስናቀ ታስሯል» አለ አምሐ።

መሪጌታ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ሕመምተኛ ነህ ብዬ ነው ያልነገርሁህ» አሉ እማማ ወለተ ኪዳን። ሽማግሌው ማሽኑን እንደያዙ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እኔ… ጨረታውን ይሰድባሉ ብዬ ነው። ጨረታ ፊት ያለው ነገር አልመሰለኝም።»

«ፊት አላት የኔታ። ሀኒ ትባላለች። ደንበኞቿ ሸሽተዋል።»

በትራቸውን ፈለጉ። «ውሰዱኝ» አሉ።

ጣቢያ ሲደርሱ አስናቀ ከእስር ክፍሉ ወጥቶ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት። እሳቸው ናቸው ዝቅ ያሉት። እኔ ዐይኔ ውስጥ አቧራ ገባ፤ የጣና ዳር አቧራ የታወቀ ነው።

«ይቅር በለኝ» አሉት። «አሁን ስማ። ማሽኑ ይቀዳል። እኔን ግን አይቀዳም። እስከ ሐሙስ ከፊቴ አትነሣም። ትቀበለኛለህ፣ ታበላሻለህ፣ አርምሃለሁ። የያዝኸውን አንተ ትለዋለህ፤ አንተን ይቅዱህ።»

ገበዙ አባ ሀብተ ሥላሴም ከይፋግ ሲመለሱ «ዕቃው ከቅጥሩ አልወጣ፤ ምን ተሰረቀ?» ብለው አቤቱታውን ተዉት። አምሐ መዝገቡን ዘጋው። በዚያው ገበዙ አዲስ ደንብ አወጡ፤ ከእንግዲህ ካርቶን አድራሹ ፊት ይከፈታል፣ ከዚያ ይባረካል።

*

ሐሙስ አለፈ። የመሪጌታ ነፍስ ተረፈች፤ ድምፃቸው አልተመለሰም። ከሆስፒታል ሲወጡ የመጀመሪያ እሑዳቸው ላይ ሀኒን ዐውደ ምሕረት ላይ አቆሟት፤ ገበዙ በሳቸው ፈንታ «ይህች ልጅ የላከችው እውነተኛ ዕቃ ነው» ብለው ለሕዝቡ ተናገሩ። የሰደቧት ሁሉ ወደ ቻናሏ ተመለሱ። አንዳንዶቹ ገበዙ መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ እሱን ለጨረታ ያወጡ መስሏቸው ዋጋ መጥራት ጀምረው ነበር።

አንድ ከሰዓት ከአምሐ ጋር ልንጠይቃቸው ሄድን። ጉባኤ ቤቱ እንደገና ሞልቷል። የማሽኑ ቀይ መብራት በርቷል፤ አስናቀ ፊቱ ተቀምጦ ያዜማል። መረዋዋ ከጣሪያው በገመድ ተንጠልጥላለች። መሪጌታ በትንሽ ጠጠር ይመቷታል። አንድ ጊዜ ከጮኸች ትክክል ነው፤ ሁለት ጊዜ ከጮኸች ድገም ነው። አስናቀ አንድ ቦታ ላይ ሳተ፤ ቅንን፣ ቅንን። ደገመው። ቅንን። ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ።

አምሐ ዜማው እስኪያበቃ ጠበቀና ዝቅ ብሎ ወደ ጆሯቸው ቀረበ።

«የኔታ፣ ሀኒ ቴሌቪዥን ለጨረታ አውጥታለች። የሳሙናው ነገር እስካሁን ከልቤ አልወጣልኝም። ልጫረት?»

መሪጌታ አሰቡ። ጠጠሩን አነሡ። መረዋዋን አንድ ጊዜ መቷት።

«ቅንንንን…»

አምሐ በደስታ ስልኩን አወጣ። ግን የሽማግሌው እጅ አልወረደም። ጠጠሩ ከመረዋዋ አጠገብ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ዐይናቸው ደግሞ ይስቃል። አለቃዬ ጣቱን ስልኩ ላይ እንደደቀነ፣ እሳቸው ጠጠሩን እንደደቀኑ፣ የጨረታው ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ ተያዩ።